አውርድ ብዬ አላውቅም

መስከረም 20 ቀን 2018፣ ማክሰኞ

በመንገድ ሥራ ላይ ሳለሁ የየቀኑን ሥራ የምጽፍበት ደብተር ነበረኝ። ስንት ሜትር እንደተገነባ፣ ማን እንደቀረ፣ ማን እንደለገመ። ፊደል የቆጠርኩት ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ ስለሆነ ጽሕፈቴ ያኔም አያምርም ነበር። ውሸት ግን ጽፌበት አላውቅም። ይህንንም እንደዚያው እይዘዋለሁ።

ዛሬ አዘዞ ወርጄ ጂም ተመዘገብኩ። ዕድሜ ሲሉኝ ሰባ አንድ አልኩ። የመዘገበችኝ ልጅ ቀና ብላ አየችኝ። ፒያሳም ጂም አለ፤ ግን መንገደኛ ሁሉ በመስኮቱ ያያል። አዘዞ የሚያውቀኝ የለም።

ምክንያቱን አንድ ጊዜ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ነሐሴ 4 ቀን ባለቤቴ ሰብለ ወንጌል አረፈች። በማግስቱ ወደ ቁስቋም ስንወስዳት ከሳጥኑ ሥር በፊት ቀኝ በኩል እኔ ገባሁ። ሐዘንተኛ ይደገፋል እንጂ አይሸከምም አሉኝ። አልሰማኋቸውም። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ዳገት ላይ ጉልበቴ ከዳኝ፤ የእኔ ማዕዘን መሬት መታ። ድንጋዩ በዝናብ ረጥቦ ነበር።

አሁን ደግሞ አላምረው ታሟል። ልቡ ደክሟል፤ ሐኪሞቹም ከእንግዲህ ቤቱ ይረፍ ብለው መልሰውታል። እሱና እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ባሬላ ይዘን ድንጋይ አመላልሰናል። ቀኑ ሲደርስ እሱን ሳልሸከም ብቀር ሰው አይደለሁም። ተሸክሜ ብወድቅ ደግሞ ሁለተኛ ከሰው ፊት አልቆምም። ስለዚህ እግሬን አጠነክራለሁ። ለማንም አልናገርም።

መስከረም 23፣ ዓርብ

አሰልጣኟ ፅዮን ትባላለች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ድሮ ሯጭ ነበረች አሉ። ወንድ አሰልጣኝ የለም ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አለ፤ ግን እሱ ጎረምሶቹን ነው የሚያሠራ፣ እርስዎን ቢይዝ ይሰብርዎታል አለችኝ። ቁምጣ ይልበሱ ተባልኩ። አልለብስም አልኩ። በሐዘን ልብሴ፣ በጥቁር ሱሪና በጥቁር ሹራብ ሠራሁ።

ሙዚቃው ጣራውን ያንቀጠቅጣል። ሚስቱ ከሞተች ሁለት ወር ያልሞላት ሰው ዘፈን በሚጮህበት ቤት ቁጢጥ ብድግ ይላል። ሰብለ ብታየኝ ምን ትል ነበር ብዬ አሰብኩ። ትስቅ ነበር። ይህን ማሰቤም አሳፈረኝ።

ከኋላዬ አንዱ ለጓደኛው «ሽማግሌው ለየትኛው ውድድር ነው?» ሲል ሰማሁት። ዞር ብዬ አላየሁም።

መስከረም 29፣ ሐሙስ

አብራኝ ለምትኖረው ልጄ ለየትናየት፣ አዘዞ ተክለ ሃይማኖትን ልሳለም እሄዳለሁ ብያታለሁ። የምሳለመው ከሚኒባሱ ውስጥ ሆኜ ነው።

ክብደቱን እችለዋለሁ። ያልቻልኩት ሐሳቤን ነው። አሥራ አምስት ጊዜ ቁጢጥ ብለህ ተነሳ ትባላለህ። እስከ ስምንት በደንብ እቆጥራለሁ። ዘጠኝ ላይ ዳገቱ ይመጣል። የሳጥኑ ማዕዘን ይመጣል፤ የሚያለቅሱት ሴቶች በአንድ ጊዜ ጸጥ ያሉት ጸጥታ ይመጣል። ከዚያ በኋላ የት እንደደረስኩ አላውቅም። ዛሬ ፅዮን ስንት ደረሱ ስትለኝ አሥራ ሁለት አልኳት። «ዘጠኝ ነው አያ አድማሴ። ዘጠኝ ላይ ቆመው ግድግዳ ያያሉ» አለችኝ።

ከግድግዳው ላይ አንድ ምልክት ይምረጡ፣ ዓይንዎን ከእሱ አይንቀሉ፤ አንዱን ሲጨርሱ ስለሚቀጥለው አንድ ብቻ ያስቡ አለች። ስልክ የሚነካካ ሰው ሐሳቡ ስልኩ ላይ ይቀራል፣ መስታወት የሚያይም መስታወቱ ላይ፤ የእርስዎ የት እንደሚቀር ነው ያልገባኝ አለች። አልነገርኳትም። ፎርማን ሳለሁ ሠራተኛውን ሁሉ ሐሳብህን ሰብስብ እያልኩ እቆጣ ነበር። ሐሳብ ከየት ተይዞ እንደሚሰበሰብ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

በጥድፊያ። ቁጢጥ እንዳልኩ ስልክ ጮኸ። ጥሩ ናት፣ የአላምረው ሚስት። ምነው ጠፉ፣ ጠዋት ማታ በሩን በሩን እያየ ነው አለችኝ። እግሬን አሞኝ ተኝቻለሁ አልኳት። ሙዚቃው ከኋላዬ ይጮሃል። ሰምታለች። «ይማርዎ» ብላ ዘጋች።

የአላምረው ቤት ከቤቴ በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። አዘዞ ለመድረስ ሁለት ሚኒባስ እይዛለሁ።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

አሥራ አምስት ሞላሁ። ሳይጎድል።

እንዲህ ሆነ። ፅዮን በሁለት እጄ ብረት አስይዛ ከግድግዳ ግድግዳ አስኬደችኝ። ብረቱ መዳፌ ውስጥ ሲገባ የባሬላ እጀታ መሰለኝ። ዓይኔን ምልክቱ ላይ አድርጌ ስራመድ ከኋላዬ የአላምረውን ኮቴ ሰማሁት። አላምረው ቀኝ እግሩን ጎተት ያደርጋል፤ ጠጠር ላይ ድምፁ ይለያል። እሱን እያዳመጥኩ ሄድኩ። ከዚያ ቁጢጥ ብድጉንም እሱን እያዳመጥኩ ሠራሁ። ዳገቱ አልመጣም። ፅዮን «ዛሬ እዚህ ነበሩ» አለችኝ።

የትናየት ይህን ደብተር አንድ ቀን ብታገኘው ባሬላ ምን እንደሆነ አታውቅም። ሁለት ረጃጅም እንጨት፣ መሐላቸው ሳንቃ የተመታበት። አንድ ሰው ከፊት፣ አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ ድንጋይ ይሸከሙበታል። ሕጉ አንድ ነው። የደከመው «አውርድ» ይላል፤ ሁለቱም እኩል ያወርዳሉ፣ ትንፋሽ ይወስዳሉ፣ እንደገና ያነሳሉ። ድብ ባሕር ላይ ግንብ ስንሠራ በቀን አርባ ጊዜ እንመላለስ ነበር፤ እኔ ከፊት፣ አላምረው ከኋላ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን አውርድ ብዬ አላውቅም። ሁልጊዜ የሚል እሱ ነው። ፎርማን የተደረግሁትም በዚህ ነው፤ አለቆቹ ያዩ ነበር። በሰው መሐል «የእኔ ባልንጀራ ወገቡ ቅቤ ነው» እል ነበር። እሱም አብሮ ይስቅ ነበር።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ንብረት አየኝ። የእድራችን ዳኛ ነው፤ አፉ አያርፍም።

የጽጌን ጾም ስለያዝኩ ባዶ ሆዴን ነው የምሠራ። ፅዮን በዚህ ትቆጣለች። ዛሬም ስንወጣ እስከ መንገዱ ተከትላኝ ሙዝ በእጄ አስያዘችኝና፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይብሉ ብላ አስማለችኝ። የጫማዬ ክር ተፈትቶ ነበር። ጎንበስ ልል ስል ወገቤ አልታዘዝ አለኝ። እሷ ተንበርክካ አሰረችልኝ። በዚህ መሐል አንድ ሚኒባስ ቆመ። ንብረት በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «አያ አድማሴ፣ አዘዞ ተስማማዎት መሰል» አለኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ። ሙዙን ኪሴ ከተትኩት።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

የዛሬውን መጻፍ አልፈልግም። እጽፈዋለሁ።

ቤንች የሚሉት አለ። በጀርባህ ተጋድመህ ብረት ከደረትህ ላይ ወደ ላይ ትገፋለህ። ፅዮን እኔ ሳልኖር እንዳይነኩት ብላኛለች። ዛሬ እሷ ከሌላ ሰው ጋር ስትነጋገር ሄጄ ተጋደምኩበት። በሁለቱም በኩል አንድ አንድ ብረት ጨመርኩ። አጠገቤ ያለው ጎረምሳ ከእኔ የሚበልጥ ያነሳ ነበርና። አራት ጊዜ ገፋሁ። በአምስተኛው ብረቱ ደረቴ ላይ ወረደና ቀረ።

አልተጣራሁም። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ጣራው ላይ የውኃ ጠብታ ያመጣው ቢጫ ክብ አለ፤ እሱን እያየሁ ነበር። ትንፋሼ አልመለስ ሲል እንኳ አፌ እሺ አላለኝም። አንድ ወፍራም ሰውዬ ሮጦ መጥቶ ብረቱን አነሳው። «አባቴ፣ ሰው አይጣሩም እንዴ?» አለኝ። «አርፌ ነበር» አልኩት።

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ሙዚቃውም አልሸፈነውም። ፅዮን ብቻ አልሳቀችም። ወደ ጥግ ወሰደችኝና ውኃ ሰጠችኝ። «እዚህ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው ማስቀመጥ ነው። እርስዎ ያንን ሳይማሩ ነው ያረጁት» አለችኝ። እንዲህ የተናገረኝ ሰው የለም። ሰብለም እንኳ።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ደረቴን ያመኛል። አልሄድኩም። ተጋድሜ ስለዋልኩ ስለ ነሐሴው ያልጻፍኩትን ልጻፍ።

ዳገቱን ስንጀምር ሊቀበሉኝ መጥተው ነበር። ሬሳ የተሸከመ ሰው ትከሻውን ሲነኩት ወጣ ይላል፣ የነካው ይገባል። እንዲያ ነው ወጉ። አንድ ጊዜ ነኩኝ፤ አልወጣሁም። ጥቂት ሄደን እንደገና ነኩኝ። ያኔ በክርኔ ወደ ኋላ መታሁ። ክርኔ ደረት አገኘ። ማን እንደሆነ ሳላይ አወቅሁ፤ ጎተት የሚለውን እርምጃ ስሰማ ነበርና። አላምረው ነው። ያኔም ልቡን ያመው ነበር። ከዚያ ሃያ እርምጃ አልሄድኩም።

በሳምንቱ ተኛ አሉ። ሐኪሞቹ የቆየ በሽታ ነው ብለዋል። የቆየ ነው።

ድንጋዩ ባይረጥብ አልወድቅም ነበር።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ትናንት የትናየት ጓሮ ሆና በስልክ ስታወራ ሰማሁ። የእናቴ አፈር ሳይደርቅ አዘዞ ልጅ እግር ሴት ይዘዋል አለች። ጫማቸውን ተንበርክካ ስታስር ያየ ሰው አለ አለች። አለቀሰች።

ገብቼ መናገር እችል ነበር። በሩ ድረስ ሄጃለሁ። ከዚያ አሰብኩት። ሚስቱን የጣለ ሽማግሌ እግሬ ይጠንክር ብሎ ከጎረምሳ ጋር ብረት ያነሳል ከሚሉኝ፣ ሴት ይዟል ቢሉኝ ይሻለኛል አልኩ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። የራሴን ልጅ እንባ ሰምቼ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ዛሬ ሄጄ ሠራሁ። ሐሳቤ አንድም ጊዜ አልተሰበሰበም። የአላምረውም ኮቴ ጠፋ።

ጥቅምት 30፣ እሑድ

የትናየት ከቅዳሴ ስመለስ አልጋዬ ላይ የስፖርት ጫማዬንና በድብቅ የማጥበውን ካናቴራ ዘርግታ ጠበቀችኝ። እሷ ናት ወይ የገዛችልዎት አለች። ጫማውን አንስቼ አልጋው ሥር አደረግሁት። ስሟን ይንገሩኝ እንጂ አለች። ይህ ግትርነት እማዬን እንደጨረሳት ያውቃሉ ወይ አለች። ያን ጊዜ «ጂም ነው» አልኩ።

አልገባትም። ደግሜ ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ግድግዳ ይዛ እስክትቆም ሳቀች። ከዚያ ለምን አለች። ለአላምረው ነው፣ ሳልወድቅ እንድሸከመው ነው አልኳት። ሳቋ ቆመ።

«አላምረውን መቼ ነው ያዩት?» አለች።

«ከነሐሴ ወዲህ አላየሁትም።»

«ሰውዬው በሕይወት እያለ ለቀብሩ ይሠለጥናሉ?»

ካናቴራውን አጣጥፋ ትራሴ ላይ አስቀመጠችው። ወጥታ ከበሩ ተመለሰችና፣ እማዬ ሳጥን ውስጥ ሆና ብታውቅ ኖሮ ጣለኝ ብላ አታዝንብዎትም፣ ምነው ይህ ሰው አያርፍም ነበር የምትል አለችኝ። ድምፁ የእናቷ ነበር።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ሄድኩ። ሩብ ሰዓት የሚፈጀውን መንገድ አንድ ሰዓት ሄድኩት።

አላምረው ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ፊቱ ዓይን ብቻ ሆኗል። በርጩማውን ጥሩ አቀረበችልኝና እግርዎን ተሻለዎት ወይ አለችኝ። ቀና ብዬ አላየኋት። አላምረው ክንዴን ያዝ አደረገ። ክንድህ ወፍሯል፣ ምን እየሠራህ ነው አለኝ። ለእሱ መዋሸት አልሆነልኝም። ልሸከምህ ነው አልኩት። እስኪያስለው ሳቀ። «ታዲያ ምን ያስቸኩልሃል፣ መጀመሪያ ልሙት እንጂ» አለኝ። ጥሩ ተቆጣችው።

ስለ ክርኔ ልናገር ጀመርኩ። ሦስት ጊዜ ጀመርኩ። ይህን ያህል ዕድሜ ኖሬ ይቅር በለኝ የሚለውን ቃል ከየት እንደሚጀምሩት አላውቅም። አላምረው እጁን አወዛወዘ።

«ያን ዕለት ትከሻህን የነካሁህ ለምን ይመስልሃል?» አለኝ።

«ሐዘንተኛ ነው ብለህ።»

«ክንድህ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከኋላ ያለ ሰው የፊተኛውን ክንድ ያያል፣ አድማሴ። ድብ ባሕርም ያው ነበር። አንተ መንቀጥቀጥ ስትጀምር እኔ አውርድ እል ነበር።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜማ አይደለም። አንዳንዴ እኔም ይደክመኝ ነበር።»

የፎርማንነቴን ወረቀት አስታወስኩ። ወገቡ ቅቤ ነው ያልኩበትን ቀን ሁሉ፣ የሳቁትን ሰዎች ፊት ሁሉ አስታወስኩ። ምነው ያኔ ሳትነግረኝ አልኩት። «ብነግርህ ጥለኸኝ ሌላ ሰው ትይዝ ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። እይዝ ነበር።

ስነሳ እጄን ያዘና፣ ቅዳሜ ቁስቋም ናት አለኝ። ሞቼ ከምወሰድ በዓይኔ እያየሁ ብሄድ ሸጋ ነበር አለ። ጥሩ «አይሆንም» ብላ ራሷን ነቀነቀች። እሱ ግን የሚያየው እኔን ነበር።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ባሬላ ሠራሁ። ሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት፣ መሐሉ ላይ የየትናየት ወንበር፣ በገመድ የታሰረ። ጥሩም ሐኪም አስጠይቃ፣ ቀስ ተብሎ ከሆነ ይሁን ተብላለች።

ከኋላ የሚይዝ ሰው ስፈልግ ንብረት በራሱ መጣ። የትናየት ነግራዋለች። አፉ ቢከፈትም ትከሻው ደህና ነው። ስለ አዘዞ ይቅርታ ሊል ሲጀምር ተወው አልኩት።

ጠዋት ለፅዮን ሁሉንም ነገርኳት። ቁጢጥ ብድግ አልነበረም ዛሬ። አንድ ነገር ብቻ አሠራችኝ፤ አንስቶ ሳይደክሙ ማስቀመጥ። ሃያ ጊዜ። ከማንሳቱ እሱ ከበደኝ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ማለዳ ጉዞ ጀመርን። አላምረው ነጭ ጋቢ ለብሶ ወንበሩ ላይ ታሰረ። ቀሎ ነበር፤ ከድሮው ድንጋይ ይቀላል። ጥሩና የትናየት በግራና በቀኝ። ምእመኑ መንገዱን ሞልቶታል፤ መንገድ ይለቁልናል፣ አንዳንዱ ይሳለመናል፣ ታቦት የያዝን ይመስል።

ዳገቱ ሥር ስንደርስ ዓይኔን ከላይ ካለው በር ላይ ተከልኩ። አንዱን እርምጃ፣ ከዚያ የሚቀጥለውን አንድ ብቻ። ከኋላዬ ግን ጎተት የሚል ኮቴ አልነበረም። ባለኮቴው ወንበሩ ላይ ነበር። ክንዴን የሚያይልኝ ሰው ፊቱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልይ ነበር። ክንዴ ጀመረ። መጀመሪያ አውራ ጣቴ፣ ከዚያ አንጓዬ። ቦታውን አወቅሁት። የሰብለ ማዕዘን ያረፈበት ድንጋይ ሦስት እርምጃ ይቀረው ነበር። የሰፈሩ ሰው ግራና ቀኝ ቆሟል፤ ያን ዕለት የነበሩት ሁሉ አሉ። እንደሚያስታውሱ ከዓይናቸው አየሁ።

ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ቤንቹ ላይ እንደቆመው ቆመ። አንድ እርምጃ ሄድኩ። ሁለት።

«አውርድ» አልኩ።

ንብረት አልሰማኝም፤ ድምፅ አልነበረኝምና። «አውርድ» አልኩ እንደገና፣ ጮኼ። እኩል አወረድን። ወንበሩ ሳይነቃነቅ ድንጋዩ ላይ አረፈ። አላምረው ዓይኑን ገልጦ ቀና ብሎ አየኝ። ጋቢውን ገለጥ አድርጎ እጁን ዘረጋና አንጓዬ ላይ አሳረፈው። የማንኛችን እጅ እንደሚንቀጠቀጥ አልለየሁም።

እስከ በሩ ድረስ ሦስት ጊዜ አውርድ አልኩ። በሦስተኛው አላምረው «ወገብህ ቅቤ ነው» አለኝ።

ካወረድነው በኋላ፣ እሱ ከጥሩ ጋር ቅጥሩ ውስጥ እንዳለ፣ ብቻዬን ወደዚያ ድንጋይ ተመለስኩ። ጎንበስ ብዬ በእጄ ዳሰስኩት። ሻካራ ነው፤ እግር የሚይዝ ድንጋይ ነው።

ይህ ደብተር ውሸት አይጻፍበትም ብዬ ነበር የጀመርኩት። መስከረም 20 ቀን የጻፍኩት ይታረም። ጥቅምት 18 የጻፍኩትም። ሰብለን በቀበርንበት ዕለት እስከ ከሰዓት ድረስ ፀሐይ ነበር። ድንጋዩ ደረቅ ነበር።